የያዲራ ልጅ የልብ ትርታ

ለናፈቅሽኝ ልጄ ለዙላይ፣

የማድሪድ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ፣ ድንግል ማርያም ትመስገን፣ ደህና ነኝ። ሙዙም ዘንድሮ ጥሩ አፍርቷል። ወደ ፖርቶቪዬሆ ስንሄድ መኪናችን ከኋላ ተገጭቶ የተጎዳው አንገቴ ድኗል። ጆሮዬ ብቻ ጭው ማለቱን አልተወም፤ አይዞሽ፣ ይለመዳል።

ማክሰኞ ጎረቤታችንን ያዲራን አዋለድኳት። ምጥ ሲጀምራት እንደ ልማዴ የእንጨት ማዳመጫዬን ሆዷ ላይ አድርጌ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ።

«እማማ፣ ምነው ዝም አሉ? ልጄ ደህና አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ባሏን ዊልሜርን ጠራሁት።

«ና እስቲ፣ ዛሬ አንተም የልጅህን ልብ ስማ! በመታ ቁጥር መዳፌን በጣትህ ምታልኝ።»

እንባው እየወረደ መታልኝ፤ እኔም ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። በደቂቃ መቶ አርባ ሞላ።

«ደህና ነው» አልኳት።

አጠገቧ የነበረችው የያዲራ እናት «አባትን እንዲህ የምታስደስት አዋላጅ አይቼ አላውቅም» ብላ ሳመችኝ። ሴት ልጅ ተወለደች። ጩኸቷ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር አሉኝ።

ልጄ፣ እሑድ እሑድ ከምትደውዪልኝ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። የእጅ ጽሑፍሽ አምሮኛል።

ጉንጭሽን ከሩቅ እየሳምኩ፣
እናትሽ ኤውላሊያ