እጅ የነሳው ጭራቅ

ወንድሜ፣
ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴን ይቁረጠው።

ያ ከጃፓን ያስመጣኸው፣ ጥቂት ብቻ ተሠርቶ ምርቱ የቆመው የላስቲክ ጭራቅ አሻንጉሊት አለ አይደል? የጎረቤት ድመት ከመደርደሪያው ላይ ጥላው እጁ ወለቀ። "ሙቅ ውሃ ሲነካው ይለሰልስና እጁ ይገባል" ስትል ሰምቼህ ስለነበር፣ እኔ ሊቁ ድስት ውስጥ ከትቼ አፈላሁት።

እጁ ገብቷል።
ወገቡ ግን ደመወዝ ጭማሪ ሊጠይቅ እንደገባ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ቀረ።

ድስቱን ከመክፈትህ በፊት ቁጭ በል። በጉልበትም አታቃናው፣ ይሰነጠቃል።
ነገ ሰብሳቢ ጓደኞችህ ሊያዩት እንደሚመጡ አውቃለሁ። "ለእናንተ እጅ እየነሳ ነው" በላቸው።

ቁጣህ እስኪበርድ እህታችን ጋ ነኝ። "ዕቃዬን አትንካ" ያልከኝን...
ይቅር።

ድመት የሚባል ነገር አልነበረም። አንተ ስትወጣ ሁሌ እኔና ጭራቁ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጨፍራለን።