በማንጎ ዛፍ ሥር ተጥላ ስለተገኘችው ጀልባችን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ኦስሪክ ዴልመር፣
የወደብና የኪራይ ጀልባዎች ፈቃድ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለባለቤትዎ ጤና፣ እንዲሁም ቢሮዎ ውስጥ ለተተከለው አዲስ የአየር ማቀዝቀዣ ጤና ከልብ የመነጨ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ የፔቲት ራሲን ሰዎች ደኅና ነን፤ ሙቀቱም ደኅና ነው። እኔ ፊሎሜን ኦጊስት እባላለሁ። ባለቤቴ ካፒቴን አልሲድ "ሮዛሊን" በምትባል ሰማያዊ ጀልባ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንግዶችን ባሕር እያወጣ ማርሊን የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ያስጠምድ የነበረ ሰው ነው። "የነበረ" የሚለውን ቃል የተማርኩት ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

የምጽፈው ለአቤቱታ እንዳይመስልዎ። አቤቱታማ አራት ጊዜ ጽፌ፣ አራቱንም ጊዜ "ደርሶናል" የሚል ማኅተም ስለተመታልኝ፣ ሰው ከዚህ በላይ የት ይደርሳል ብዬ ትቼዋለሁ። ጎረቤቴ ኢዩላሊ "አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየው እንደሆነ አያነበው፣ ቀለምሽን ለምን ትጨርሻለሽ?" ብላኛለች። እኔ ግን ለማመስገን ስለሆነ እጄ አልሰንፍ አለኝ።

፩. በመጀመሪያ የማመሰግነው ተቆጣጣሪዎን ነው። እርስዎም የዚሁ መንደር ልጅ ሆነው ገመድ ስበዋልና እንደሚያውቁት፣ በአውሎ ነፋስ ወራት እኛ ዘንድ ውሃ ላይ የሚያድር ጀልባ የለም። ነሐሴ ሲገባ አልሲድ ሰዉን ለመጥራት ትልቁን የባሕር ዛጎል እንደ መለከት ይነፋል፤ ቄሱም ፖሊሱም ሳይቀር ገመዱን ይዞ፣ ጀልባዋን በግንድ ላይ እያንከባለለ፣ ከመቃብሩ አጥር ጀርባ ማንጎው ሥር ያስተኛታል። እስከ ኅዳር እዚያው ናት። ተቆጣጣሪዎ ታዲያ አምና የመጣው በመስከረም ነው፤ ያውም በነጭ ጫማ። "በየብስ ላይ ተጥላ የተገኘች ጀልባ" ብሎ ጻፈ፤ ዝቅ ብሎም "ሥሯ ማንነቱ ያልታወቀ ሽማግሌ ተኝቶ ተገኝቷል" የሚል ጨመረበት። ሽማግሌው ባሌ ነው፤ ሆዷን ቀለም እየቀባ ነበር። "ጎንበስ በልና ጠይቀኝ እንጂ፣ የኔ ልጅ!" ብሎ ቢጣራም፣ ሰውየው ጫማው እንዳይቆሽሽ ቸኩሎ ነበር።

፪. ተጥላ የተገኘች ጀልባ ሰሌዳዋን፣ ወደቡ ላይ ያላትንም ማሰሪያ ቦታ ታጣለች የሚለው ደንባችሁ ደግሞ እንዴት ያለ ድንቅ ነገር ነው! ማሰሪያው ከሌለ እንግዳ አይጫንም፤ እንግዳ ካልተጫነ አልሲድ ካፒቴን አይደለም። እንደገና ትታይልን ብዬ መስኮታችሁ ላይ ብቆም፣ ያቺ ጨዋ ልጅ "እማማ፣ ውሃ ላይ አምጧትና ማሰሪያዋ ላይ ሆና እናያታለን" አለችኝ። "ያለ ሰሌዳ ካወረድናትስ፣ ልጄ?" ብላት፣ "ያኔማ እንወርሳታለን!" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ማሰሪያዋ ላይ እንደሆነ ወደቡ ዳር ያለው ሆቴል እንግዳ የሚጭንባት ነጭ ጀልባ ከታሰረች ቆየች።

፫. ስለ ጸጥታው ሳላመሰግን አላልፍም። ድሮ ዓሣ የተያዘ እንደሆነ አልሲድ ገና የወደቡ መግቢያ ላይ ያለውን ቋጥኝ ሳይዞር ዛጎሉን ይነፋ ነበር፤ ሴቱ ሁሉ ሳፋ ሳፋውን ይዞ ይወርዳል፣ እንግዳው ከዓሣው ጋር ፎቶ ይነሳል፣ የመጀመሪያው ሙዳ ባሕር ላይ ወንድ ለሌላት ሴት ይሰጣል። አሁን የሆቴሉ ጀልባ ሄዳ ባዶዋን ትመለሳለች፤ የሚረብሸን የለም። በየዓመቱ በየካቲት ከካናዳ የሚመጡ አንድ አዛውንትና ሚስታቸው ዘንድሮ በእርሷ ወጥተው፣ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጡና "አልሲድ ሞተ እንዴ?" አሉኝ። "ኧረ ጓዳ ነው ያለው" አልኳቸው።

፬. እውነትም ጓዳ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ባሕር የወሰደብኝን ባል መለሱልኝ። ድስቶቼን በጀልባ ቋጠሮ አስሮ ስለሰቀላቸው ወጥ ለመሥራት እሱን መጥራት አለብኝ። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጋ ወጥቶ ባሕሩን ያያል፤ ተመልሶ "ዛሬ ውሃው ደግ ነው" ይለኛል። ሌላ አይናገርም። ድሮ እኔን የሚያስንቅ ወሬኛ ነበር፣ ክቡር ሆይ።

መልስ እንዲጽፉልኝ አላስቸግርዎም፤ እንደማይጽፉ አውቃለሁ፤ ማሰሪያውም እንደማይመለስ አውቃለሁ። ወንበርዎ ይደላዎ፤ ማኅተምዎ አይድረቅብዎ፤ የተቆጣጣሪዎም ጫማ እንደነጣ ይኑር። በአራት ማኅተም የተከበርኩ፣ በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል የምገኝ፣ እጅ ነሺዎ

ፊሎሜን ኦጊስት፣ ከመቃብሩ አጥር አጠገብ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው በሳምንቱ ሬዲዮው አውሎ ነፋስ መምጣቱን ነገረን። የሆቴሉ ካፒቴን፣ የሰው አገር ሰው፣ እየሮጠ መጥቶ "ካፒቴን፣ ምን ላድርጋት?" ብሎ ባሌን ያዘው። እኔ "ትስጠም!" አልኩ። አልሲድ ግን "አንቺ ደግሞ! ጀልባዋ ምን አጠፋች?" ብሎኝ ዛጎሉን አንስቶ ነፋ። አገሩ ሁሉ ወጥቶ ነጯን ሳበ። ማንጎው ሥር ለሁለት ስለማይበቃ፣ ሮዛሊንን ገፋ አድርጎ ለነጯ ቦታ የለቀቀላት ራሱ ነው። ነፋሱ ሮዛሊንን ከአጥሩ ጋር አላትሞ ለሁለት ከፈላት፤ ስለዚህ ፋይላችንን መዝጋት ይችላሉ። ነጯ ትንሽ ከመፋቅ በቀር ምንም አልሆነች። አሁን በየብስ ላይ ናትና፣ ደንቡ ደንብ ከሆነ ተቆጣጣሪዎን ቶሎ ይላኩልን። ሥሯ ተኝቶ የሚያገኘው ማንነቱ ያልታወቀ ሽማግሌ ባሌ ነው፤ የተፋቀ ሆዷን ከሮዛሊን በተረፈው ሰማያዊ ቀለም እየቀባላት ነው።