ከሰዓት የሚጠፉት ራይቶች

ሰኞ

ዛሬም ጠፉ። የጠዋቶቹ ራይቶች በቦታቸው አሉ፤ የከሰዓቶቹ የሉም።

ለጓደኛዬ ለፈቲያ የጨርቅ መጋዘን ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጣቃው መኪና ላይ ሲጫን ስሙ አጠገብ ያለችው ትንሽ ሳጥን ራይት ትደረጋለች፤ ፕሮግራሙም «ተጭኗል» ብሎ ይይዛል። ዛሬ ግን የተጫነውን «አልተጫነም» ስላለ፣ ጫኝ ልጆቹ ሌላ ጣቃ ሊደርቡበት ነበር።

ፈቲያ ጥፋተኛውን አግኝታለች፤ ራይቱን የሚያደርጉት ጸሐፊዋ ጋሽ ሙሉጌታ። ከምሳ በኋላ ጫታቸውን ይዘው ነው የሚቀመጡት። «ምርቃናው ነው የሚያስረሳቸው። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ በር ጥበቃ ላይ አደርጋቸዋለሁ» አለችኝ። በዚህ ሙቀት፣ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው።

ማክሰኞ

ጠዋቱን ሙሉ ራሴ ሞከርኩት። ክሊክ፣ ራይት፣ ተመዘገበ። እንደገና ክሊክ፣ ተነሳ። እንከን የለውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ሽማግሌውን ጠረጠርኩ።

ረቡዕ

ከምሳ በኋላ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አቦ፣ ሰላይ ላከችብኝ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወሬ ሆነ፤ የጎረቤት ሰርግ፣ የባጃጅ ዋጋ፣ ሁርሶ ለውትድርና ሥልጠና የገባው የወንድማቸው ልጅ።

እኔ የማየው እጃቸውን ነው። ቀኙ ጫት ይቀነጥሳል፤ እንዳይቆሽሽ ብለው ማውሱን አይነኩትም። ግራው ኪቦርዱ ላይ ነው። በታብ ቁልፍ ከሳጥን ሳጥን ይዘላሉ፤ ስፔስ ሲጫኑ ራይቱ ቁጭ ይላል። ድሮ ባቡር ጣቢያ ታይፕ ሲመቱ የኖሩ ሰው ናቸው።

ራይቱ ስክሪኑ ላይ አለ፤ ተመዝግቦ ግን የለም።

ያኔ ገባኝ፤ ጠዋት ጫት ስለሌለ በማውስ ነው የሚሠሩት። ፕሮግራሙን ያዘዝኩት «ማውስ ክሊክ ሲደረግ መዝግብ» ብዬ ነው። ሳጥኗን ትቼ ማውሱን ሳዳምጥ ከርሜያለሁ።

ሐሙስ

አስተካከልኩት። አሁን የሚመዘግበው ሳጥኗ ራሷ ስትለወጥ ነው፣ በማውስም ይሁን በስፔስ።

ደስ ብሎኝ ዘግቼ ስከፍተው ሌላ ጉድ። ፕሮግራሙ የትናንቱን ራይቶች መልሶ ሲሞላ፣ ያንንም «ተለወጠች» ብሎ ሁሉንም እንደ አዲስ መዘገበ። መዝገቡ ላይ ጨርቁ እጥፍ ሆነ። ራሱ በሚሞላበት ሰዓት ዝም እንዲል አደረግኩት። ምሳዬን የበላሁት ወደ ማታ ነው።

ዓርብ

ጁምዓ ስለሆነ መጋዘኑ ከሰዓት ዝግ ነው። መፈተን የምፈልገው ደግሞ ከሰዓቱን። መጠበቅ ብቻ።

ቅዳሜ

ጠዋት ለፈቲያ ነገርኳት፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የጫቱ አይደለም። አላመነችኝም። ከምሳ በኋላ ከጋሽ ሙሉጌታ ጀርባ ቆማ ጠበቀች።

ወደ ጀልዴሳ የሚሄደው ዕቃ ሲጫን እሳቸው ታብ፣ ስፔስ፣ ታብ፣ ስፔስ። ፈቲያ ፕሮግራሙን አዘግታ አስከፈተች። ሁሉም አለ፤ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተደገመ።

ከመጋዘኑ ወጣች። ስትመለስ አንድ እስር ጫት ይዛለች፣ ቅጠሉ ገና የረጠበ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፏ አልወጣም። ጫቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው።

ጋሽ ሙሉጌታ ጫቱን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ ማውሱን ወዲያ ገፍተው ቦታ አበጁለት።