ለምርመራ ቀን ጭስ ያጠፉ የነበሩት የጋሽ ፓምፕ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም ጋሽ ፓምፕ እያልን የምንጠራቸው ወዳጃችን፣ ከአውቶቡስ ሹፌር አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ በ1950 ዓ.ም. ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታቸው ሲያጫውቱ፣ ልጄ ከጡት ቀጥሎ ያወቀው የናፍጣ ሽታ ነው ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ እጅግ ጎበዝ እንደነበሩ ይነገራል፤ የሚናገሩት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን አቋርጠው ጋራዥ ገቡ። በዚያም ለሞተር የሚሄደውን ናፍጣ የሚመጥነውን ፓምፕ መጠገን ተማሩ፤ ሌላ ሥራም አልሠሩም። ጋራዡ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ አንድ፣ ግድግዳው በጥላሸት የጠቆረ ነበር። ዝናብ ሲሆን በሩን ዘግተው፣ ሞተሩን አስነስተው ይሠሩ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሴትና ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው በየዓመቱ ነጭ ሸሚዝ ይሰፉላቸው ነበር፤ ነጭ ሆኖ የዋለው ግን የሠርጋቸው ዕለት ሸሚዝ ብቻ ነው።

ጋሽ ፓምፕ ስማቸው የገነነው በዓመታዊው የጭስ ምርመራ ነው። ምርመራው ሲቃረብ ሹፌሮች ደጃቸው ይሰለፋሉ። እሳቸውም የፓምፑን ብሎን አጥብቀው ናፍጣውን ይቀንሱታል፤ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ጭሱም ይጠፋል። መርማሪው ፊት እንደ ጨዋ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ፣ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። በማግስቱ ዳገት አልወጣ ሲል ተመልሶ ይመጣና ብሎኑ ይላላለታል። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፤ የሰው ችግር ማየት አይችሉም ነበር። ያ ጭስ ዞሮ ዞሮ በራሳቸው ደረት እንደሚያርፍ ግን ያሰበ አልነበረም።

ሴቷ ልጃቸው ተምራ በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ሆነች። ወንዱ የናፍጣ ሚኒባስ ታክሲ ይነዳል። በ2013 ዓ.ም. ሳል ሲጸናባቸው ሐኪሙ ሳንባቸው በጭስ መጎዳቱን ነግሮ ጋራዡን እንዲተዉ መከራቸው። ቤተሰቡ ለመነ፣ ሽማግሌ ላከ። እሳቸው ግን፣ “ያሳደገኝን ቤት ትቼ ከማን ደጅ ልቁም?” አሉ።

በ2016 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አሮጌ የናፍጣ ታክሲዎች ቀስ በቀስ ወጥተው በኤሌክትሪክ መኪና እንዲተኩ ደንብ አረቀቀ። ካረቀቁት አንዷ ልጃቸው ነበረች። ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድም በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ጨው የሚቀባበሉት በአባታቸው እጅ ሆነ። ወንድም፣ “በምኔ ልግዛው? መብራት በጠፋ ቀንስ ልግፋው?” ይላል። እህት፣ “የአባባ ሳል አይሰማህም?” ትላለች። አባትም፣ “ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው፤ የእኔም መከራ እሱ ነው” ይሉ ነበር።

በደንቡ ላይ የሕዝብ ውይይት ተጠራ። የታክሲ ባለንብረቶች ተወካይ ተነሥቶ፣ መኪኖቻችን የጭስ ምርመራውን በሙሉ አልፈዋል፤ በሌለ ጭስ ለምን እንከሰሳለን ሲል ጠየቀ። ልጃቸው መልሱን ታውቃለች። ብትናገር ግን አባቷን አሳልፋ መስጠቷ ነውና አቀረቀረች። ያን ጊዜ ጋሽ ፓምፕ ከኋላ ወንበር ተነሡ። ማይክሮፎኑን እንደያዙ ሳላቸው ተነሣባቸው። ውሃ ቢሰጣቸውም አልቆመም። ሰብሳቢው ጥቂት ታግሦ ዕድሉን ለቀጣዩ ተናጋሪ ሰጠ፤ እሳቸውም ተቀመጡ። ደንቡ ለተጨማሪ ጥናት ተብሎ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሡም። በሆስፒታል በኦክስጅን እየተረዱ ሳሉ ሊናገሩት የነበረውን ለልጆቻቸው ነገሩ። ልጃቸው ቃላቸውን ይዛ ብትሄድ ውይይቱ ተዘግቷል ተባለች። ይህን ሲሰሙ፣ “እንግዲያው ቀብሬ ላይ ይነበብልኝ። ሹፌሮቹ ሁሉ ይመጣሉ፤ የሚያቋርጠኝም የለም” አሉ። ቃላቸው ይህ ነው፦

“እኔ ጋ የመጡት መኪኖች አንዱም በእውነት አላለፈም፤ እኔ ነኝ ያሳለፍኳቸው። ልጄ የጻፈችው እውነት ነው። ወንድሟም መኪናውን ቢነጠቅ ልጆቹን የሚያበላበት የለውም፤ እሱም እውነቱን ነው። ምን እንደሚበጅ እኔ አላውቅም፤ ባውቅ እደብቃችሁ ነበር? ጭሱ ግን አለ። እኔ ውስጥ አለ።”

ጋሽ ፓምፕ በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው ከአልጋው ግራና ቀኝ እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ደንቡ እስከ ዛሬ በጥናት ላይ ነው።

ፈጣሪ በዚህ ያጠራቸውን ትንፋሽ በዚያ ሳይሰፍር ይስጣቸው። ሬሳቸውን ሸኝታችሁ ነገ ማለዳ ያንኑ ሞተር አስነሥታችሁ ለምትወጡ ሹፌሮችም፣ ያንኑ አየር ለምንስብ ለሁላችንም፣ እኛ ያጣነውን መላ እሱ ያምጣልን።