ቆጮ በሊታዎቹ አይጦች

ለምወድህ ወንድሜ ጦና፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? የወንጂ ሙቀትና ትንኝ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ጥሩዬ ደኅና ናት ወይ? ሕፃኑ ዱባለስ ጥርስ አወጣ ወይስ ገና በድዱ ይስቃል? እኛ ጌታ ይመስገን ደኅና ነን። እናታችንም እዚያው አገር ቤት ጉኑኖ ደኅና ናት፤ ዝናቡም በጊዜው ገብቶልናል።

ዘንድሮ እንጀራዬን አይጥ ሊነጥቀኝ ነበር ብልህ ታምነኛለህ? አትሳቅ! የምሠራበትን የአዳሪ ተማሪዎች ኩሽና ታውቀው የለ፤ ቆጮ የምንጋግረው እኔና የሥራ ጓደኛዬ ባዳቾ ነን። የሳይንስ አስተማሪው መምህር እሸቴ ከአዲስ አበባ ነጫጭ አይጦች አስመጡ። ግማሾቹን ቆጮ፣ ግማሾቹን የስንዴ ዳቦ እያበሉ፣ በጣውላ በሠሩት ጠመዝማዛ መንገድ ውስጥ ምግብ ፈልገው እንዲያገኙ ይፈትኗቸው ጀመር። ዳቦ በሊታዎቹ ሮጠው ሲያገኙ የእኛዎቹ ቆጮ በሊታዎች ጥግ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። ዳይሬክተሩ ይህን ሲሰሙ፣ እንግዲያው ቆጮ የልጆቹንም አእምሮ ያደነዝዛል፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ይቅር አሉ። ቆጮው ከቀረ እኔና ባዳቾም ከሥራ ወጣን ማለት ነው። ባዳቾማ ተናዳ መምህሩን፣ ጋሼ፣ ታዲያ በየቀኑ ምሳዎን የሚሠራልዎት በቆጮ ያደገ ሰው ደንዛዛ ነው እንዴ አለቻቸው።

ከዚያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የአይጦቹ ክፍል ጣሪያ አፈሰሰና የዳቦ በሊታዎቹ ሣጥን ራሰ። ያ ሣጥን ሰፊ ነው፤ ገለባ ተነጥፎበታል፣ መደበቂያም አለው። የእኛዎቹ ግን የትምህርት ቤቱ ደወል አጠገብ፣ ባዶ የላምባ ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ፤ ደወል በተመታ ቁጥር ይዘላሉ። መምህሩ ሣጥኑ እስኪደርቅ ብለው ዳቦ በሊታዎቹን ቆርቆሮው ውስጥ ከተቱ፤ የእኛዎቹን ገለባ ወዳለበት ሌላ ሣጥን አዛወሯቸው። ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ተገለባበጠልህ! የእኛዎቹ ሲሮጡ ዳቦ በሊታዎቹ ጥግ ያዙ። መምህሩ ራሳቸውን ይዘው፣ ለካ የፈተንኩት ምግቡን ሳይሆን ቤታቸውን ነው ብለው ሳቁ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ሣጥን አኑረው እንደገና ቢፈትኗቸው እኩል ሆኑ። ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደው፣ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ቆጮው ምንም አላጠፋም አሏቸው፤ እኛም ሥራችን ላይ ጸናን።

ባዳቾ ግን እኩል መውጣቱ አልጣማትም፤ ቅቤ ቢጨመርበት የእኛዎቹ ያሸንፉ ነበር ትላለች። ዛሬ መምህሩ ሳህን ይዘው ኩሽናችን ድረስ ቢመጡ፣ ጋሼ፣ እዚህ ይበላሉ ወይስ ቆርቆሮ ውስጥ ላስገባዎት አለቻቸው። እሳቸውም እየሳቁ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

ባለቤቴ ኤርሳዶ፣ በጣም ናፍቀኸኛል ይልሃል። ለጥሩዬ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ የዱባለን ጉንጭ ሳምልኝ። ጎረቤቶችህንም ሳላውቃቸው ሰላም ብያለሁ።

እህትህ አስካለች
ሶዶ፣ ግንቦት 9 ቀን 1954 ዓ.ም.