ጎልፍ መኪናዋን አታስነሳት

ምህረቱ፣

ከቅዳሴ ስትወጣ ቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደ ጎልፍ መኪናዋ እንደምትመጣ ስለማውቅ ወረቀቱን መሪዋ ላይ አሰርኩት። ስልክህ ዝግ ነው።

አታስነሳት። ቻርጀርም አትሰካባት።

ትናንት ለእህትህ ለወይንሸት ሠርግ የገጠምኩባት መብራትና ቴፕ አብረው ሲበሩ ፊውዙ ሦስቴ ተቃጠለ። አንተም በሎጁ ሠራተኞች ፊት "ኤሌክትሪሻን ነኝ አትበል" አልከኝ። ተናደድኩና በፊውዙ ቦታ የመዳብ ሽቦ ጠመዘዝኩበት። ከዚያ ወዲያ ቴፑ ያልተቋረጠው ለዚህ ነው።

ዛሬ ጠዋት የኋላውን ወንበር ሳነሳ የቴፑ ሽቦ ላስቲኩ ቀልጦ ከባትሪው ዋና ገመድ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። ልነቅለው ስሞክር ብልጭ አለብኝ። ስለዚህ እንዳለ ተውኩት።

ኤሌክትሪሻኑን ጋሽ ማኅደረማርያምን ላመጣ ደብረ ብርሃን ሄጃለሁ። እሳቸው ያውቁበታል። ካልደረስን ሙሽሮቹን በባጃጅ አምጣቸው። ወይንሸት ከተቆጣች ያበላሸው ወልደኪዳን ነው በላት፤ እውነት ነው።

ባትሪዎቹ ያሉት እሷ ከምትቀመጥበት ወንበር ሥር ነው።

የእኔን ቁልፍ ይዤ ሄጃለሁ። ያንተ ግን ኪስህ ውስጥ ነው።

ወልደኪዳን