የትክል ድንጋዩ ክራር መቺ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ዛሬ ከጓደኞቼ ከሀናና ከዮናስ ጋር ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለን እንደ ልማዳችን አዲስ ያገኘነውን ዘፈን በየተራ ስናሰማ፣ ሀና የትክል ድንጋይ ከተማውን ልጅ ዘፈን ከፈተች። ቤቱ ውስጥ ክራሩን እየመታ በስልክ የሚቀዳውን፣ ገና ሰው ያላወቀውን ልጅ። ባለፈው ወር የላክሁላት እኔ ነኝ። ያኔ "ሸጋ ነው" ብላ አለፈችው።

በቀላሉ ዘፈን የማይጥመው ዮናስ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ።

"ከየት አገኘሽው?" አላት።

"እንዲሁ ስፈልግ" አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ።

ለዮናስ ስንት ዘፈን ልኬለታለሁ። አንዱንም እንዲህ ሆኖ ሲሰማልኝ አላየሁም። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለዘፈን ትጣላለች እንዳይሉኝ ፈራሁና ዋጥኩት። ጭራሽ "ድምፁ ደስ ይላል" አልኩ፣ ገና ዛሬ እንደሰማ ሰው።

ወደ አዘዞ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስልኬ ላይ ሌላ ዘፈን አገኘሁ። ዘፋኟ ሴት ናት፤ ድምፅዋ አንጀት ይበላል። እንደ ወትሮው ለሀና ልልክላት ስል እጄን ሰበሰብኩ። ለዮናስ ብቻ ላክሁለት።

ቤት ሳልደርስ መለሰልኝ። "ይሄንንስ ሀና በጣም ትወደዋለች፤ ልላክላት?" ይላል።

"ላክላት፤ ከእኔ መሆኑን ግን ንገራት" ብዬ ጻፍኩና መልሼ አጠፋሁት።